የድሮ ትምህርት ቤታችን ዴስክ ይጠገን ወይስ አዲስ ይገዛ?

የካራ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከኮተቤ አልፎ በካራ በኩል ያለ አንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች ነን። 60 የሚሆኑ የተሰባበሩ ዴስኮች ከክፍሎቹ ጀርባ ተከምረዋል፤ የ8 ክፍሎች ሰሌዳም ከመንጣቱ የተነሣ ጽሑፍ አይታይበትም። ገሚሱ አዲስ ዴስክ ይገዛ፣ ገሚሱ የተማርንበት ይጠገን ይላል። የምታውቁ ምከሩን፤ ያዋጣነውስ ብር በምን መልክ ይግባ?

ብየዳ ቤት፦
ይጠገን። ክምሩን በደንብ ብታዩት የብዙዎቹ ብረት ጤነኛ ነው፤ የሞተው እግሩና ጣውላው ነው። እግሩ የሚበላሸው ወለል ሲታጠብ ውኃው በክፍቱ የቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት) አፍ እየገባ ከውስጥ ስለሚበላው ነው። ከላይ ቀለም መቀባት በሽታውን መሸፈን ብቻ ነው። የዛገውን እስከ ጤነኛው ብረት ቁረጡ፣ ከውስጡ ልክክ ብሎ የሚገባ ሌላ ብረት 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አስገብታችሁ አዲሱን እግር በይዱበት፣ የታችኛውን አፍ ደግሞ በላሜራ ድፈኑት። ያ ክዳን ከተረሳ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ቱቦላሬው ስስ (1.2 ሚሊ አካባቢ) ከሆነ ኤሌክትሮዱ (የብየዳ ዘንጉ) 2.5 ሚሊ ይሁን፤ በወፍራሙ ከሄዳችሁ ይበሳል። አራቱም እግር እኩል መሆኑን ሊሾ ወለል ላይ አቁማችሁ ፈትኑ፣ ከዚያ በኋላ ነው ፀረ ዝገትና ቀለም የሚቀባው።

መቀመጫውና ጠረጴዛው የሚገናኙበት ማዕዘን ሌላው የሚሰበር ቦታ ነው። ልጆች ወደ ኋላ ሲደገፉ ጉልበቱ ሁሉ እዚያ ያርፋል። ሦስት ማዕዘን የተቆረጠ 3 ሚሊ ላሜራ በሁለቱም በኩል ብትደግፉበት ይጸናል።

ጣውላውን በምስማር አትምቱት፤ ይነቀላል፣ የልጆቹንም ልብስ ይቀዳል። 6 ሚሊ ብሎን ከነሮንዴላውና ከነዳዶው ተጠቀሙ፤ ለአንድ ዴስክ 12 ካሰባችሁ ለ60ው 720 ነው፣ የሚጠፋም አለና 800 ግዙ። ዳዶው ከጠበቀ በኋላ የብሎኑን ጫፍ በመዶሻ ደብደብ አድርጉት፣ በጣት የሚፈታ አይሆንም። ቺፑድ በርካሽነቱ እንዳያታልላችሁ፤ ውኃ ሲነካው ያብጥና ይፈረፈራል። እርጥብ ባሕር ዛፍም ይጠመዘዛል። 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የደረቀ ጣውላ ይሁን፣ ቫርኒሹም ከሥሩ ጭምር ይቀባ። ከላይ ብቻ ከተቀባ በአንድ ወገን እርጥበት እየሳበ ይጎብጣል።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ እዩ፦ የትምህርት ቤቱ መስመር የብየዳ ማሽን ይችል እንደሆነ። ካልቻለ ጄኔሬተር መከራየት የበጀቱ አካል ይሁን።

የጠመኔ ሰው፦
ስለ ሰሌዳው ልጨምር። ክረምት ላይ አትንኩት። እዚያ አካባቢ በሐምሌና በነሐሴ ግድግዳው እርጥበት ስለሚይዝ ቀለሙ በጥቂት ወር ይላጣል። የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ይሻላል፤ ፀሐይም አለ፣ ክፍሉም ባዶ ነው። ዴስኩን ግን ጣራ ያለው ቦታ ከተገኘ ክረምቱን መሥራት ይቻላል።

የሲሚንቶ ሰሌዳ ከሆነ ያረጀውን ጠመኔ በውኃ አጥባችሁ አድርቁት፣ ስንጥቁን በሲሚንቶ ድፈኑ። በጄሶ ከተደፈነ ቀለሙን ይመጠዋል፣ ቦታው እንደ ቋቁቻ ይታያል። በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱና አቧራውን ጥረጉ። ቀለሙ የማያብረቀርቅ የሰሌዳ ቀለም መሆን አለበት። የበርና የመስኮት ዘይት ቀለም የሚቀቡ አሉ፤ ጠመኔው ያንሸራትታል፣ በመስኮቱ ብርሃን ነጸብራቅ የተነሣ ዳር የተቀመጠ ልጅ ምንም አያነብም። 4 ሜትር በ1.20 ለሆነ ሰሌዳ ሁለት ጊዜ ለመቀባት 1 ሊትር ያህል ይበቃል፣ በመካከሉ አንድ ቀን ይደር። ከ3 ቀን በኋላ ጠመኔውን አጋድማችሁ ሰሌዳውን በሙሉ አልብሱትና ጥረጉት። ይህ ከተዘለለ መጀመሪያ የተጻፈው ጽሑፍ ጥላው አይለቅም።

ንብረት ክፍል፦
በብሩ ጉዳይ፦ በዓይነት ብትሰጡ ይሻላል። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 የሚባለው ደረሰኝ ይቆረጣል፣ ገንዘብ ከሆነ ሞዴል 64። አንዱ ሳይቆረጥ እጅ በእጅ የሚሰጥ ነገር አይኑር፣ በኋላ ለርእሰ መምህሩም ለእናንተም ጣጣ ነው። ከወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት ጋር ቃለ ጉባኤ ያዙ። ዴስኩ ወደ ብየዳ ቤት የሚወጣ ከሆነ በቁጥር ተመዝግቦ የመውጫ ወረቀት ለጥበቃው ይሰጥ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ቁርጥራጩ ብረት የመንግሥት ንብረት ነው። «ለሠራተኛው ዋጋ ይሁነው» ብላችሁ እንዳትሰጡ፤ ተመዝኖ ለትምህርት ቤቱ ይመለስ። ዕቃ በአይሱዙ ስታመጡም ከሰፈሩ ጫኝና አውራጆች ጋር ዋጋውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

የካራ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልን። አንድ ጥያቄ ቀረን፦ ከድሮዎቹ ጣውላዎች ጥቂቶቹ ደህና ናቸው፤ ግን ተማሪዎች በየዘመኑ ስማቸውን ቀርጸውባቸዋል። አንዳንዶቻችን ይህ እንዲጠፋ አንፈልግም።

ብየዳ ቤት፦
ወንድሜ፣ አታጥፉት። በብርጭቆ ወረቀት ለማጥፋት ብትሞክሩም ቅርጹ ጥልቅ ስለሆነ ጣውላውን ታሳሱታላችሁ እንጂ አይለቅም፤ እንዳለ ከተተወ ደግሞ የሚጽፈው ልጅ እስክርቢቶ ደብተሩን ይበሳል። ጣውላውን ገልብጡት። የቀድሞው ቀዳዳ ከብረቱ ጋር ካልገጠመ በመጋዝ ዱቄትና በቪኒል ኮላ ድፈኑትና 3 ሳንቲ ሜትር ፈቀቅ አድርጋችሁ አዲስ ብሱ። ከሥር በኩል ቫርኒሹ ቀለም አልባ ይሁን፣ ስሞቹ እንዲነበቡ።