40 ኮምፒውተር ያለው ላብ በጣም ተንቀራፈፈብኝ፤ ከየት ልጀምር?

ላበኛው፦
ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ሳይንስ ዲፓርትመንት የላብ ረዳት ነኝ። 40 ዴስክቶፕ አለን። ሁሉም ባለ 4 ጊጋባይት ራም፣ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ 10። በርተው ለሥራ እስኪደርሱ የክፍለ ጊዜው ሩብ ያልቃል። ተማሪ ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተሩ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ ፕሮግራም) ከከፈተማ ማውሱም አይንቀሳቀስ። 8ቱ ደግሞ ኢንተርኔት እያለ ድረ ገጽ አንከፍትም ይላሉ። የተሰጠን በጀት ወይ 6 አዲስ ኮምፒውተር ይገዛል፣ ወይ ያሉትን ያድሳል። ኃላፊዬ አዲስ ይሻላል ባይ ናቸው። ምን ትላላችሁ?

ሰርቨር ጠባቂ፦
6 አዲስ ኮምፒውተር ለ40 ተማሪ? 34ቱ ቆመው ሊያዩ ነዋ። ብር ከማውጣትህ በፊት ለካ። አንዱን ማሽን አስነሳና የዲስኩንና የራሙን ሥራ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀር ክፈት። ምንም ሳትነካ ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ከተሰቀለ በሽታው እሱ ነው። አሮጌው ዲስክ እያንዳንዱን ፋይል ለማግኘት ማንበቢያ ክንዱን ወዲያ ወዲህ ማንቀሳቀስ አለበት። በቺፕ ላይ የሚያስቀምጠው አዲሱ የዲስክ ዓይነት፣ ኤስኤስዲ፣ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። ባለ 2.5 ኢንች፣ ሳታ በሚባለው ማገናኛ የሚሰካውን ከገዛህ፣ የድሮው ዲስክም ሳታ ከሆነ እዚያው ገመድ ላይ ይሰካል። ለላብ 240 ጊጋ ይበቃል።

ገመድ ቀጣይ፦
የ8ቱ ነገር ሌላ ነው። ሰዓታቸውን አየኸው? ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ተመልሶ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ባትሪ ሞታለች። ብሮውዘር የድረ ገጹን ሰርተፊኬት (የማንነት ማረጋገጫ) የሚያገለግልበትን ጊዜ ከኮምፒውተሩ ቀን ጋር ያመሳክራል፤ ካልገጠመ አያስገባም። ባትሪዋ ሳንቲም የምታክል ሲአር2032፣ 3 ቮልት ናት። የኃይል ገመዱን ነቅለህ ቀይራት። እኔ ይህን ሳላውቅ ሁለት ቀን ሙሉ ኬብል ስፈትሽ ከርሜያለሁ። አትሳቁ።

ጠመኔ፦
አስተማሪ ነኝ። ኤስኤስዲ ብቻውን ቨርቹዋል ማሽኑን አያድነውም። ከ4ቱ ጊጋ ብዙውን ዊንዶውሱ ራሱ ይበላዋል፤ የቀረው ለሁለተኛ ሲስተም አይበቃም። ወደ 8 አሳድጉት። የራሙ ዓይነት ዲዲአር3 ይሁን ዲዲአር4 ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥም ለቨርቹዋል ማሽን የሚያስፈልገው ቨርቹዋላይዜሽን መከፈቱን እዩ፤ ብዙ ማሽን ላይ ተዘግቶ ይገኛል። 40ውን በየተራ ማዞር አሰልቺ ነው፤ ግን አንዴ ነው።

ፔንጉዊን፦
ሰዎች፣ ዋናውን ረሳችሁት! የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ አሮጌ ማሽን ብዙ ጊዜ የለውም። በዊንዶውስ ፋንታ ሉቡንቱ የሚባለውን ቀላል የሊኑክስ ሲስተም ጫኑና ተገላገሉ።

ጠመኔ፦
ፔንጉዊን፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ክፍል ውስጥ እንዲህ በቀላሉ አንገላገልም። ኮርሱ ቪዥዋል ስቱዲዮን (የማይክሮሶፍት ኮድ መጻፊያ ፕሮግራም) የሚፈልግ ከሆነ ዊንዶውስ የግድ ነው። ሁለቱንም ጎን ለጎን ጫኑ፤ ተማሪው ሲያስነሳ ይምረጥ።

ሰርቨር ጠባቂ፦
በዚህ እስማማለሁ። 40ውን ግን አንድ በአንድ እንዳትጭን። አንዱን አሳምረህ ጨርስ፤ ዊንዶውሱን ለማባዛት በሚያዘጋጀው ሲስፕሬፕ አዘጋጅና ዲስክ በሚገለብጠው ክሎንዚላ ለሁሉም አባዛ። ኮምፒውተሮቹን በኔትወርክ የሚያገናኘውን ስዊችም እየው። 40 ጊጋባይት ኢሜጅ (የዲስኩ ሙሉ ቅጂ) በ100 ሜጋቢት ስዊች ከ50 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ በጊጋቢት ግን ዲስኩ ከቻለ 6 ደቂቃ ገደማ። ሲያልቅ ለየኮምፒውተሩ የራሱን ስም ስጥ፤ አለበለዚያ ኔትወርኩ ላይ ሁሉም ሞክሼ ይሆናል።

ላበኛው፦
ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። የ1 ኤስኤስዲ እና የ1 ራም ፈቃድ ለምኜ አንዷን ማሽን ሠራሁ። ከአሮጌዋ ጎን አስቀምጬ ኃላፊዬ ፊት ሁለቱንም እኩል አበራኋቸው። የታደሰችው ኮድ ስታስኬድ አሮጌዋ ገና የዊንዶውስን ሰማያዊ የመስኮት አርማ እያሳየች ነበር። ምንም ሳይሉ ፈረሙ። ከ8ቱ 7ቱ ባትሪ ነበሩ። ስምንተኛው ኬብሉ ወንበር ሥር ተቀርጥፎ ነው፤ ገመድ ቀጣይ፣ ይኸው ላንተም ደረሰህ። የቀረኝ ጥያቄ፦ የወጡትን 40 ሃርድ ዲስክ ለሌላ ክፍል ልስጣቸው?

ፔንጉዊን፦
እንደ ወጡ እንዳትሰጥ። የተማሪ ፋይልና የይለፍ ቃል አለባቸው። ፈጣን ፎርማት መረጃውን አያጠፋም፤ ማውጫውን ብቻ ነው የሚያጸዳው። ከዩኤስቢ ሊኑክስ አስነሳና ዲስክ በሚደመስሰው ኤንዋይፕ በሚባል ፕሮግራም ከላይ ጻፍባቸው። የዲስኩን ስም ግን ሁለቴ አንብብ፤ አዲሱን ኤስኤስዲ እንዳትደመስስ።