ትከሻዬ ይደነዝዛል፣ ወገቤም ይያዛል፦ ምን ያህል ጠንካራ ፍራሽ ይስማማኛል?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ፍራሽ ለመለወጥ አስቤ ምክራችሁን እሻለሁ። አሁን የምንተኛበት ወገቤን ስለሚያመኝ ይሻልሻል ተብሎ የተገዛ በጣም ጠንካራ የስፖንጅ ፍራሽ ነው። እኔ ሁልጊዜ በጎኔ ነው የምተኛው፤ ሌሊት ከታች የሚውለው ትከሻዬ እየደነዘዘ ይቀሰቅሰኛል፣ ጠዋት ስነሣ ደግሞ ወገቤ ተይዞ ለመጎንበስ እቸገራለሁ። ባለቤቴ ከእኔ ከበድ ያለ ሲሆን በጀርባው ይተኛል፤ እሱ በዚሁ ፍራሽ ላይ ተመችቶት ያድራል። ምን ዓይነት ብንገዛ ይሻላል?

መልስ 1፦
እህቴ፣ የገለጹት ሁሉ ፍራሹ ለእርስዎ ክብደትና አተኛኘት ከሚገባው በላይ መጠንከሩን ያመለክታል። ሰው በጎኑ ሲተኛ ክብደቱ በአብዛኛው የሚያርፈው በትከሻውና በዳሌው ላይ ነው። ፍራሹ ለእነዚህ ሁለት ቦታዎች ካልሰረጎደላቸው ትከሻ ይጨፈለቃል፣ ወገብም ከሥሩ ደጋፊ አጥቶ ስለሚያድር ጡንቻው ሳያርፍ ይነጋል። ከመጠን በላይ ከለሰለሰም ዳሌ ሰምጦ አከርካሪውን ያጎብጠዋል።

ለወገብ ጠንካራ ይበጃል የሚለው ምክር በሰፊው ቢሰማም፣ በስፔን ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት ሌላ ነገር ያሳያል፤ የቆየ የወገብ ሕመም ያለባቸው 313 ሰዎች ለ90 ቀናት ክትትል ሲደረግላቸው፣ በመካከለኛ ጥንካሬ ፍራሽ የተኙት በጠንካራው ከተኙት የተሻለ እፎይታ አግኝተዋል። ጥናቱ የተካሄደው የሕመማቸው መንስኤ ተለይቶ ባልታወቀ ሰዎች ላይ ነውና፣ ሕመምዎ ወደ እግር የሚወርድ ወይም መደንዘዙ ቀንም የማይለቅዎ ከሆነ አስቀድመው ሐኪም ይዩ።

ሲመርጡ በእጅ ተጭኖ መፈተሽ ብዙም አይጠቅምም። በለመዱት አተኛኘት ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ይተኙና፣ ሌላ ሰው ከጀርባዎ ቆሞ አከርካሪዎ ከአንገት እስከ ዳሌ ቀጥ ማለቱን ይመልከትልዎ። ባለቤትዎ በጀርባቸው ሲተኙ ደግሞ በወገባቸው ሥር መዳፍዎን ያስገቡ፤ ያለ ምንም ንክኪ ሾልኮ ካለፈ ፍራሹ ጠንክሮባቸዋል፣ ጨርሶ አልገባ ካለ ለስልሶባቸዋል።

መልስ 2፦
በፍራሽ ሥራ ላይ የቆየሁ ነኝና ገዢዎች ዘወትር የሚያምታቱትን አንድ ነገር ላንሣ። በስፖንጅ ፍራሽ ላይ በኪሎ ግራም የሚገለጸው ቁጥር አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ምን ያህል እንደሚመዝን እንጂ ሲተኙበት ምን ያህል እንደሚጠነክር አይናገርም። ባለ 35 ኪሎ ስፖንጅ ለስላሳም ጠንካራም ሆኖ ሊሠራ ይችላል፤ ቁጥሩ በዋናነት የሚጠቁመው ዕድሜውን ነው፣ ቀላሉ ቶሎ ይሰረጉዳልና። ጥንካሬ የሚለካው ስፖንጁን በተወሰነ መጠን ዝቅ ለማድረግ በሚያስፈልገው ኃይል ሲሆን፣ አምራቾች ግን አንድ ወጥ መለያ ስለማይጠቀሙ የአንዱ «መካከለኛ» የሌላው «ጠንካራ» ሊሆን ይችላል። ሜሞሪ ፎም የሚባለው፣ የሰውነትን ቅርጽ ተከትሎ የሚሰረጉደው የስፖንጅ ዓይነት ከሆነም የሰውነት ሙቀት ሲነካው ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ ስለዚህ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ እንደተጋደሙ ወዲያው አይፍረዱ።

ደግሞም የአልጋውን ርብራብ ሳያዩ ፍራሽ አይግዙ። ጣውላዎቹ ከተራራቁ ወይም መሃሉ ከረገበ ደኅናውም ፍራሽ ይበላሻል።

ጠያቂዋ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ፍራሹን አንሥቼ ስመለከት ከርብራቡ ጣውላዎች አንዱ በእኔ በኩል ከሚስማሩ ተላቆ ዘምሟል፤ እናስጠግነዋለን። የቀረኝ ጥያቄ፣ ለእኔ ለስለስ ያለ፣ ለእሱ ጠንከር ያለ የሚያስፈልገን ከሆነ በአንድ አልጋ ላይ እንዴት ልንስማማ እንችላለን የሚለው ነው።

መልስ 3፦
ለእንዲህ ያለው ችግር የተሻለ ሆኖ የሚታየኝ፣ ቁመታቸው እኩል የሆነ ጥንካሬያቸው ግን የሚለያይ ሁለት ጠባብ ፍራሾችን በአንድ አልጋ ላይ ጎን ለጎን አድርጎ በአንድ አንሶላ መሸፈን ነው። አንዱ ሲገላበጥ ሌላውን አለመቀስቀሱም ትልቅ ጥቅም ነው። ሆኖም ባለቤትዎ አሁን ባለው ስለተመቻቸው፣ ርብራቡ ከተጠገነ በኋላ መጀመሪያ በእርስዎ በኩል ብቻ 5 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ለስላሳ የስፖንጅ ንጣፍ ደርበው ቢሞክሩት እመርጣለሁ፤ ወጪውም ከአዲስ ፍራሽ ያነሰ ነው። ፈጽሞ ከሰረጎደ ፍራሽ ላይ ግን ንጣፍ መደረብ ዋጋ የለውም፣ ጉድጓዱን ተከትሎ ይወርዳልና።

የ10 ደቂቃው ሙከራ ጥሩ ቢሆንም ለእኔ በቂ አይደለም፤ ሰውነት አዲስ ፍራሽ እስኪለምድ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል፣ ለመመለስ ወይም ለመለወጥ የሚፈቅድ ሻጭ ይፈልጉ። ትራስዎንም አብረው ይመልከቱት። በጎን ለሚተኛ ሰው ትራስ በጆሮና በትከሻ መካከል ያለውን ክፍተት መሙላት አለበት፤ ፍራሹ ሲለሰልስ ትከሻዎ ወደ ታች ስለሚገባ፣ እስካሁን የሚመችዎ ትራስ አንገትዎን ወደ ላይ ሊያጎብጠው ይችላልና ዝቅ ያለ ያዘጋጁ።