ፍሪስፔስ 2 በድሮ ላፕቶፕ አልከፈት አለኝ፣ ምን ይሻላል?

የሸዋበሩ (ደሴ)፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ፍሪስፔስ 2ን የምታውቁ አላችሁ? የ1999 ጌም ነው፤ ተዋጊ መንኮራኩር እያበረርክ ጠፈር ላይ የምትዋጋበት። አጎቴ ከውጭ በኦንላይን ገዝቶ ፋይሉን በፍላሽ ላከልኝ። አድናቂዎች ያደሱትን ፍሪስፔስ ኦፕንም ጫንኩ። ስከፍተው ስክሪኑ ጥቁር ይሆንና ስለ ኦፕንጂኤል የሆነ ነገር ጽፎ ይዘጋል። ላፕቶፔ ኮር አይ5 ሁለተኛ ትውልድ፣ ራም 4 ጂቢ፣ ዊንዶውስ 10። ከ25 ዓመት በላይ የሆነው ጌም እንዴት ይከብደዋል? ፒያሳ ያለ ጠጋኝ «ላፕቶፕ ቀይር» አለኝ። ብሩ ቢኖረኝ እሱ ጋ ምን ወሰደኝ?

አሮጌው ተጫዋች፦
ራም ጨምር። 4 ጂቢ ዛሬ ምኑም አይደል።

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)፦
ኧረ ራም እንዳትገዛ! ችግሩ ሌላ ነው። ጌሙን የሠራው ቮሊሽን በ2002 ኮዱን ለቀቀው። ከዚያ ወዲህ ሞተሩን፣ ማለትም ጌሙን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም፣ የሚያድሱት አድናቂዎች ናቸው። ታሪኩ የ1999 ነው፣ ሞተሩ ግን አዲስ። ቢያንስ ኦፕንጂኤል 3.2 ይፈልጋል፤ ኦፕንጂኤል ጌሙ ከግራፊክስ ቺፑ ጋር የሚነጋገርበት ነው። ያንተ ላፕቶፕ ግራፊክሱ ኢንቴል ኤችዲ 3000 ከሆነ ዊንዶውስ ላይ 3.1 ነው የሚደርሰው። በነጥብ ወደቅክ ማለት ነው፣ እንደ ማትሪክ።

ደስ የሚለው፣ ያው ቺፕ ሊነክስ ላይ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራ ነፃ ሲስተም ነው) 3.3 ይደርሳል። ሊነክስ ሚንትን 8 ጂቢ ፍላሽ ላይ አድርግና ላፕቶፑን ከፍላሹ አስነሳ። ዊንዶውስህ አይነካም። የሊነክሱን ፍሪስፔስ ኦፕን አውርድና አጎትህ የላካቸውን በቪፒ የሚያልቁ ፋይሎች በሙሉ እሱ ፎልደር ውስጥ ገልብጥ። አንድም እንዳይጎድል፤ የተለቀቀው ኮዱ ብቻ ስለሆነ ያለነሱ ጌሙ አይነሳም።

ጦሳ ማዶ፦
እኔም ልጨምር ወንድሜ። ሚዲያ ቪፒ የሚሉትን የሥዕል ማሻሻያ ለጊዜው ተወው። ብዙ ጂቢ ነው፣ ፓኬጅህን ይጨርሰዋል፤ ያ ላፕቶፕም አይችለውም። ጆይስቲክ ፍለጋም አትንከራተት። እኔ በማውዝ ነው የምጫወተው፤ ከኦፕሽን ውስጥ ማውዙን ማብራት ብቻ ነው። ኤችን ስትጫን ቅርብ ያለውን ጠላት ይይዝልሃል፤ ኤም ፍጥነትህን ከሱ ጋር ያስተካክላል። ከኋላ ሲመቱህ ኪውን ደጋግመህ ተጫን፣ የተረፈህን ጋሻ በአራቱም በኩል እኩል ያካፍለዋል። እኔ ይህችን ሳላውቅ ስንቴ እንደሞትኩ አትጠይቀኝ።

አሮጌው ተጫዋች፦
ገዝቶ የሚልክ አጎት ለሌለንስ?

የቦርከና ልጅ፦
ዳያስፖራ አለልህ። ዘመድ አይደለም፣ የጌም ስም ነው 😄 እዚያው ሞተር ላይ አድናቂዎች በ2012 ያወጡት ነው፤ ባትልስታር ጋላክቲካ በሚባለው የቲቪ ድራማ ዓለም ውስጥ ነው ውጊያው። ነፃ ነው፣ ዋናውን ጌም አይጠይቅም።

የሸዋበሩ፦
ሠራ!! አላህ ይስጣችሁ። ማታ ሊነክሱን አስነስቼ ገና ሁለተኛው ተልእኮ ላይ እንዳለሁ መብራት ሄደ። ባትሪው ሩብ ሰዓት ያዘልኝ፤ ጨለማው ውስጥ ኪውን እየደበደብኩ ጨረስኩት። እናቴ «ምንድነው እንደ በር የምታንኳኳው?» አለችኝ። አሁን ግን ማውዙ በጣም ይፈጥናል፣ የት ነው የሚቀነሰው?

ጦሳ ማዶ፦
እዚያው ኦፕሽን ውስጥ፣ ማውዙን ያበራህበት ቦታ።