ለሚከራይ ቤት ርካሽ ካርፔት እና ፓድ፦ የቱ ላይ ልቆጥብ?

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ታውንሃውሴን ተከራዮቹ ባለፈው ሳምንት ለቀቁልኝ። አራት ዓመት ኖሩ፣ ኪራይ አንድ ቀን አላሳለፉም፣ ክፉ አይወጣኝም። ካርፔቱ ግን አልቆለታል። ሳሎን መሀል፣ ረከቦቱ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ፣ ፍም ወድቆ ሦስት ቦታ ቀልጧል፤ በጣት ስነካው እንደ ፕላስቲክ ደርቋል። ደረጃው ደግሞ የየመርገጫው ጠርዝ ተበልቶ የካርፔቱ ጀርባ ይታያል።

ሁለት ሱቅ ዋጋ ጠየቅኩ። አንዱ ካርፔቱን በስኩዌር ፊት 1.60 ዶላር ሰጥቶ «ፓዱ በነጻ» ይላል፣ ከካርፔቱ ስር የሚነጠፈውን ስፖንጅ ማለቱ ነው። ሌላው ካርፔቱን 2.40 ብሎ ፓዱን ለብቻው ያስከፍላል፣ ባለ 8 ፓውንድ ነው አለኝ። የመጀመሪያው ሱቅ የነጻውን ፓድ መሬት ላይ ዘርግቶ ቁምበት አለኝ፣ ፍራሽ ላይ የቆምኩ ነው የመሰለኝ፣ በጣም ነው የሚመቸው። ታዲያ ካርፔቱ ላይ ልቆጥብ ወይስ ፓዱ ላይ? አሮጌውን ፓድ ትቼ ካርፔቱን ብቻ ብቀይርስ? የቀለጠውንስ ከዲፖዚታቸው (ካስያዙት ገንዘብ) ልቆርጥ እችላለሁ?

አንጣፊው፦

ወንድሜ፣ ካርፔት ማንጠፍ እንጀራዬ ነው፣ እና ያ ፍራሽ የመሰለህ ፓድ ነው የሚያከስርህ። ፓድ በውፍረቱ አይመዘንም፣ በጥቅጥቅነቱ ነው። 8 ፓውንድ ሲሉህ የአንድ ኪዩቢክ ፊት ክብደቱ ነው። ለስላሳና ወፍራም ሲሆን በረገጥከው ቁጥር ካርፔቱ ወደ ውስጥ ይጎብጣል፣ ጀርባው ይላላል፣ ዓመት ሳይሞላው መሀል ላይ እንደ ተኮማተረ ነጠላ ይሸበሸብልሃል፣ መገጣጠሚያውም ይከፈታል። አብዛኞቹ ፋብሪካዎች ለመኖሪያ ቤት ከ7/16 ኢንች የወፈረ አይመክሩም። ለሳሎንና ለኮሪደር 8 ፓውንድ አድርግ። ለመኝታ ቤት 6 ፓውንድ ይበቃል፣ እዚያ ማን ይመላለሳል? ለደረጃው ግን ቀጠን ያለ ጠጣር ፓድ ጠይቅ፣ ጠርዙ ቶሎ የሚበላው ፓዱ ለስላሳ ሲሆን ነው።

አሮጌውን ፓድ ጥግ ላይ ገልጠህ እየው። በእጅህ ከተፈረፈረ ወይም ቢጫ እድፍ ካለበት አትመራመር፣ ጣለው። የድመት ሽንት ከሆነ እንጨቱም ስለሚጠጣው አዲሱን ሳታነጥፍ እንጨቱን ሽታ የሚያፍን ፕራይመር ቀባው። አለበለዚያ ክረምት መጥቶ ሂተሩ ሲበራ ሽታው ይመለሳል።

ሌላው፣ ካርፔት በብዛት የሚመጣው በ12 ፊት ስፋት ነው። ክፍልህ 11 በ13 ከሆነ ወለሉ 143 ስኩዌር ፊት ነው፣ የምትከፍለው ግን የ156 ነው። ሱቁ «አጭበረበረኝ» እንዳትል። ይልቅ የሚያጭበረብሩህ ሌላ ቦታ ነው፤ አሮጌውን ለማንሳት፣ ለመጣል፣ ለደረጃው በየመርገጫው የሚያስከፍሉትን አስቀድመህ በጽሑፍ ተቀበል። «ነጻ» የሚባለው ሁሉ እዚያ ውስጥ ተሸጉጦ ይጠብቅሃል።

የአሌክሳንድሪያዋ፦

ስለ ፓዱ እስማማለሁ፣ ስለ ካርፔቱ ግን ማንም ምንም አላለም እኮ! እኔ ሁለት ቤት አከራያለሁ። አንደኛው ላይ ርካሽ ነው ብዬ በርበር የሚባለውን፣ ያንን ክሩ ያልተቆረጠውን ቀለበት ቀለበት የሆነውን አስነጠፍኩ። የተከራዬ ቫኪዩም አንዲት ክር ያዘና ከበሩ እስከ መስኮቱ ድረስ እንደ ሹራብ ተረተረው። አይጠገንም። ከዚያ ወዲህ ክሩ የተቆረጠ፣ አጠር ያለና በደንብ የተጠመዘዘ ብቻ ነው የምገዛው።

ናይሎን ከፖሊስተር ይሻላል ይላሉ፣ እውነት ነው፣ ሲረገጥ ቶሎ ቀና ይላል። ዋጋውን ግን ተከራይ አይመልስልህም። እኔ ፖሊስተር ነው የምወስደው፣ ግን ቀለሙ ከክሩ ጋር አብሮ የተሠራውን። በረኪና ቢደፋበት እንኳ ቶሎ አይነጣም። ኦሌፊን የሚባለው ክር ግን ለሐበሻ ቤት ይቅርብህ፣ ዘይት ይወዳል፣ ቀይ ወጥ አንዴ ጠብ ካለበት አበቃ። ቀለሙም ነጣ ያለ አይሁን። ግራጫና ቡናማ የተቀላቀለበት፣ ነጠብጣብ ያለው ውሰድ፣ ጉዱን ይሸፍናል።

ለቡናው ደግሞ ቡና አታፍሉ አልልም፣ እኔም አፈላለሁ። ሦስት ፊት በአራት ፊት የሆነች የቪኒል ቁራጭ ገዝቼ ቁልፍ ሳስረክብ አብሬ እሰጣለሁ፣ «ረከቦቱ እዚህ ላይ» ብዬ። አንዷ ተከራዬ ስቃብኝ ነበር። እስካሁን ግን አንድም ቀዳዳ የለም፤ ቄጤማውም እዚያው ላይ ነው የሚጎዘጎዘው።

ታክስ_ሠሪ፦

ስለ ዲፖዚቱ ብቻ ልበል። የደረጃው መበላት ሰው ስለኖረበት የመጣ ነው፣ ለእሱ አትቆርጥም። የቀለጠው ጉዳት ነው። ግን ካርፔቱ ስንት ዓመቱ ነው? ያረጀ ካርፔት ቀይረህ የአዲሱን ሙሉ ዋጋ እነሱ ላይ መጫን አያስኬድህም። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለበት ሜሪላንድ ውስጥ ከለቀቁ በ45 ቀን ውስጥ ቀሪውን መመለስና የቆረጥክበትን ዘርዝረህ መላክ አለብህ፣ ሳምንቱ አልፏል፣ እየቆጠርክ።

ታክሱን በተመለከተ፣ የኪራይ ቤት ካርፔት እንደ ቤቱ በ27.5 ዓመት ሳይሆን በ5 ዓመት ነው ዲፕሪሺዬት የሚደረገው፣ ማለትም ወጪው በየዓመቱ ተከፋፍሎ ከታክስ ገቢህ ላይ የሚቀነሰው። ደረሰኝህን አስቀምጥ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ሄጄ የሳሎኑን ጥግ በፒንሳ ገለጥኩት። ፓዱ እንደ ድርቆሽ ነው እጄ ላይ የፈረሰው፣ ከስሩ የአንድ ሰሃን ስፋት ያለው ቢጫ ክብ። ድመት አልነበራቸውም፣ ከእነሱ በፊት የነበሩት ናቸው። ካርፔቱን ራሱ ከገዛሁት ዘጠኝ ዓመት እንደሆነው ደረሰኙ ላይ አየሁ፣ ስለዚህ ዲፖዚታቸውን ሳልነካ እመልሳለሁ።

የ1.60ውን ካርፔት ያለ «ነጻ» ፓዱ ስጠኝ ብለው ሰውየው 1.35 አለኝ። ነጻው ነገር 25 ሳንቲም ነበር ማለት ነው! ባለ 8 ፓውንዱን ፓድ ከሁለተኛው ሱቅ እወስዳለሁ።

@አንጣፊው፣ የሚተርፈውን ቁራጭ ልጣለው ወይስ ይጠቅማል?

አንጣፊው፦

እንዳትጥል! ጠቅልለህ ክሎዜት ውስጥ አስቀምጥ። ነገ አዲሱ ላይ ፍም ቢወድቅ የቀለጠውን ቦታ ቆርጬ ከዚያ ቁራጭ ላይ ነው የምለጥፍልህ፣ የክሩ አቅጣጫ ከገጠመ ማንም አያውቅብህም።