የቫልቭ ዕጢው ፕሮፖዛል፦ መጀመሪያ ምን እንጠይቅ?

ጸሐፊዋ፦
ሰላም የጅማ ልጆች። የጋራ ፕሮፖዛላችን እስከ ዓርብ ማለቅ አለበት። ርዕሱን ታውቁታላችሁ፤ ፓፒላሪ ፋይብሮኢላስቶማ፣ የልብ ቫልቭ ላይ የሚበቅል ካንሰር ያልሆነ ዕጢ። ረቂቁ ላይ 1ኛ የተቀመጠው በጉሮሮ የሚገባ የኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) መሣሪያ ግዢ ነው። እስኪ ሐሳባችሁን አምጡ።

የውስጥ ደዌ ሐኪሙ፦
ሲስተር፣ መሣሪያው 1ኛ ባይሆን እላለሁ። መጥቀሙንማ ይጠቅማል፤ ዕጢው ብዙ ጊዜ ከ1 ሴንቲ ሜትር ስለማይበልጥ በደረት በኩል በሚሠራው ኢኮ ሊያመልጥ ይችላል። የኛ ችግር ግን ከዚያ በፊት ይጀምራል። ሩማቲክ የልብ ሕመም ስለለመድን ቫልቭ ላይ የሚወዛወዝ ነገር ባየን ቁጥር እጃችን የሚሄደው ወደ "ቬጀቴሽን"፣ ማለትም ኢንፌክሽን ቫልቭ ላይ ወደሚያበቅለው ነገር ነው። እኔ ራሴ አንዴ ትኩሳት እንኳ ለሌላት ታካሚ፣ ብለድ ካልቸር (ደም ውስጥ ጀርም መኖሩን የሚያሳይ ምርመራ) ሳልወስድ፣ አንቲባዮቲክ ጀምሬያለሁ። እስካሁን ይቆጨኛል። ስለዚህ ከአንቲባዮቲክ በፊት 3 ካልቸር ከተለያየ ቦታ ይወሰድ የሚለው ይቅደም።

የኢኮ ባለሙያው፦
ልክ ነው ዶክተር። እኔ የምጨምረው ቪዲዮው ይቀመጥ ነው። ዕጢው በአጭር ግንድ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል፣ ጠርዙ ይርገበገባል። ይሄ በቆመ ፎቶ አይታይም። ወረቀት ላይ "ማስ" (እብጠት) ብለን ጽፈን ስንልክ አዲስ አበባ ያለው ሐኪም ምን ይረዳል? ሰውየው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ ቤተሰቡ ተበድሮ፣ እንደገና ኢኮ ተሠራ ይባላል። ቪዲዮውን በፍላሽ እንስጠው።

ጸሐፊዋ፦
ወጣቶቹስ? ግፊት የለ፣ ስኳር የለ፣ ስትሮክ ይዟቸው ይመጣሉ።

የውስጥ ደዌ ሐኪሙ፦
እነሱ ይግቡ። የዕጢው ቁራሽ ወይም ላዩ ላይ የረጋ ደም ተነቅሎ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ምክንያቱ ያልታወቀ ስትሮክ ሁሉ ቫልቩ በደንብ ይታይ።

የቀዶ ሕክምና ሐኪሟ፦
ረቂቁ "ሁሉም ዕጢ ይውጣ" ይላል፣ እሱን ሰርዙት። በልብ ግራ በኩል ሆኖ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ወይም ስትሮክ ካመጣ፣ ታካሚው ቀዶ ሕክምናውን ከቻለ ይውጣ። በአጋጣሚ የተገኘች ትንሽዬ ግን በክትትል ልትቆይ ትችላለች። ሲወጣም ብዙ ጊዜ ቫልቩ ይተርፋል፤ ይሄን ለታካሚ ስንነግረው ፊቱ ሲፈታ አይቻለሁ። ሌላው ፓቶሎጂ፣ የወጣው ዕጢ የላቦራቶሪ ምርመራ፣ ነው። የወጣውን ሳላይን (ጨዋማ ውሃ) ውስጥ ስትከቱት፣ ድብልብል ያለው ነገር ተዘርግቶ እንደ ቡና አበባ ይፈካል። የምርመራው መልስ ኢኮውን ወዳነበበው ሰው ጅማ ይመለስ፣ አለዚያ ዓይናችን አይለምድም።

ጸሐፊዋ፦
ካልቸሩን ወደ ላይ አወጣሁት፣ መሣሪያው 4ኛ ሆኗል። ዶክተር፣ የስትሮኩን አንቀጽ ዛሬ ማታ ይላኩልኝ።