የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ገዝቼ መብራት ሲጠፋ ቤቱን ባሰራበትስ? ምጣድ ይችላል ወይ?

ቡናው_ከጅማ፦

ሰላም ቤተሰብ። እስቲ የምታውቁ ምከሩኝ። ጅማ ነው ያለሁት፣ ቆቺ አካባቢ። የቡና ስራ ላይ ነኝ። አሮጌዋን ፒክአፕ ሸጬ በኤሌክትሪክ ልቀይራት እያሰብኩ ነው። የናፍጣ ወረፋው ሰልችቶኛል፣ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከ2016 ጀምሮ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ሰው ሁሉ ወደዚያው እየሄደ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ዘመዴ ከአሜሪካ ቪዲዮ ላከልኝ። ፎርድ ላይትኒንግ የሚባለው ፒክአፕ ግቢ ውስጥ ቆሟል፣ ሰፈሩ ሁሉ ድቅድቅ ጨለማ ነው፣ የዚያ ሰውዬ ቤት ብቻ ቦግ ብሏል። ፍሪጁም ቲቪውም ይሰራል። አየሁና ልቤ ቀረ።

እኔ ቤት ባለቤቴ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። መብራቱ ደግሞ የሚሄደው ልክ ምጣዱ ሲግል ነው፣ የተነጋገሩ ነው የሚመስለው። ሊጡ ኩፍ ብሎ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ መብራት አመሻሽ ላይ ሲመጣ ሆምጥጦ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ዓይን የሌለው እንጀራ ማን ይረከባል? ጄነሬተር አለን፣ ግን ምጣድ አይችልም፣ ጩኸቱም ከጎረቤት አጣልቶናል። ስለዚህ መኪናው ይህንን ከቻለልኝ ሁለት ስራ ሰራልኝ ማለት ነው። ቤቱን በሙሉ፣ ምጣዱን ጨምሮ፣ ይችላል? ባትሪውንስ አይጎዳውም? አንድ ልጅ ደግሞ ሁለቱም ጫፉ ስፒና የሆነ ገመድ አሰርተህ ሳሎን ሶኬት ላይ ብትሰካው ቤቱ በሙሉ ይበራል አለኝ። እውነት ነው?

---

ኤሌክትሪሻን_መንደራ፦

ከመጨረሻው ልጀምር። ያንን ገመድ አታሰራ። አሰርተህም ከሆነ ቆራርጠህ ጣለው። ቤቱ ይበራል፣ ልጁ አልዋሸህም። ግን ዋናውን ብሬከር ማጥፋት ከረሳህ ኤሌክትሪኩ በቆጣሪህ በኩል ወደ መስመሩ ይወጣል፣ ከመስመሩ ወደ ትራንስፎርመሩ ይሄዳል፣ ትራንስፎርመሩ ደግሞ ወደ ኋላ ሲሰራ 220ውን ወደ ሺዎች ቮልት ያወጣዋል። መስመሩ ጠፍቷል ብሎ ፖል ላይ የወጣ የጥገና ሰራተኛ አለ። እሱን ትገድለዋለህ። ሌላው ደግሞ አንዱን ጫፍ ሰክተህ ሌላውን ስትይዝ የስፒናው ጥርስ ራሱ ኤሌክትሪክ አለበት፣ ልጅ ቢነካውስ? በዚያ ላይ መብራቱ ድንገት ሲመጣ ከመኪናው ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል፣ የመኪናው ኢንቨርተር (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው) እዚያው ያበቃለታል። የኢንቨርተሩን ዋጋ ደግሞ ሻጩን ጠይቀው።

ትክክለኛው መንገድ ቼንጅ ኦቨር ነው። ባለ ሦስት ቦታ ማዞሪያ፦ አንድ፣ ዜሮ፣ ሁለት። አንድ ላይ ሲሆን ከመስመሩ፣ ሁለት ላይ ሲሆን ከመኪናው። ሁለቱ በምንም ተዓምር አይገናኙም። ፌዙንም (ኤሌክትሪክ የሚያመጣውን ሽቦ) ኒውትራሉንም (መመለሻውን) አብሮ የሚቆርጥ ይሁን፣ ፌዝ ብቻ የሚቆርጠውን ርካሹን አትግዛ። ከሱ በታች ትንሽ ሳጥን አድርገህ አምፖሎቹን፣ ፍሪጁን፣ ቲቪውንና ዋይፋዩን ለብቻ አውጣቸው። ቦይለሩ ከዚያ ሳጥን ውጪ ይቅር።

ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ። መኪናው ሲያመነጭ ኒውትራሉ ከመሬት ጋር አልታሰረም፣ ጎማ ላይ ነው የቆመው። ስለዚህ ቤት ያለው የንክኪ መከላከያ ብሬከር እንደወትሮው ላይዘል ይችላል። ይህ በልምድ የሚገመት አይደለም፣ የሚያውቅ ሰው መጥቶ በመለኪያ ያረጋግጥልህ።

አሁን ወደ ምጣዱ። የእኛ ምጣድ በአብዛኛው ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ነው። በ220 ቮልት ሲካፈል ከ16 እስከ 18 አምፔር ማለት ነው። ቤት ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ አውራው እሱ ነው። ፍሪጅ፣ አምፖል፣ ቲቪ፣ ሁሉም ተደምሮ የምጣዱን ሩብ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ጥያቄህ "መኪናው ቤቴን ይችላል ወይ" አይደለም፣ ቤትህን ይችላል። ምጣዱን ይችላል ወይ ነው።

---

ቢጫ_ታርጋ_አይደለሁም፦

አዲስ አበባ ነው ያለሁት፣ የቻይናውን ኤሌክትሪክ መኪና ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ ነው የምነዳው፣ ባለ 60 ኪሎዋት ሰዓቱን። ከራሴ ልምድ ልንገርህ። ቻርጅ በሚደረግበት በር ላይ የሚሰካ አንድ ገመድ አለ፣ ጫፉ ላይ ማከፋፈያ ያለው። ስክሪኑ ላይ ገብተህ ባትሪው ከስንት በመቶ በታች እንዳይወርድ ትወስናለህ፣ ከዚያ ይሰጥሃል። 3.3 ኪሎዋት ነው ገደቡ። በአምፔር 15 መሆኑ ነው። ከዚያ ስታልፍ ቀጥ ብሎ ያጠፋዋል፣ አይለማመጥም።

ሂሳቡን ልስራልህ። ፍሪጅ በቀን ከ1 እስከ 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ቢበላ፣ አምፖሎች፣ ቲቪ፣ ዋይፋይ፣ ስልክና ላፕቶፕ ሲጨመሩ 3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ግማሹን ባትሪ ለጉዞ አስቀምጬ ግማሹን ለቤት ብሰጥ 30 አለኝ። በወረቀት ላይ አስር ቀን ነው። በተግባር ግን አይደለም። ገመዱ እስከተሰካ ድረስ መኪናው ራሱ አይተኛም፣ ኮምፒውተሮቹ ነቅተው ለራሳቸው ይበላሉ፣ ትንሽ አምፖል ብቻ አብርተህ ብታድር ከአምፖሉ ይልቅ መኪናው የበላው ይበልጣል። ስለዚህ ሌሊት ነቅዬው ነው የምተኛው። ፍሪጁ ካልተከፈተ እስከ ጠዋት ቅዝቃዜውን ይይዛል።

ባትሪ ይጎዳል ወይ ላልከው፣ ሃሳብ አይግባህ። መንገድ ላይ ስትነዳ 20 ኪሎዋት እና ከዚያ በላይ እየሳብክ ነው የምትሄደው፣ ቤት 1 ወይም 2 ኪሎዋት ቢወስድ ለባትሪው ምንም ማለት አይደለም። ዋስትናው ግን ይህንን ይሸፍን እንደሆነ በጽሑፍ አስነብብ። የቃል "ችግር የለውም" አይሰራም።

አንተ ፒክአፕ ስለሆነ የምትፈልገው የጂሊውን ራዳር አርዲ6 እየው። ወደ ውጪ እስከ 6 ኪሎዋት ይሰጣል ነው የሚሉት፣ ባትሪውም ባለ 63፣ ባለ 86 እና ባለ 100 ገደማ አለው። ለምጣድ እንደሱ ዓይነት ነው የሚያዋጣህ። ግን ያ 6 ኪሎዋት የሁሉም ሶኬቶች ድምር ሊሆን ስለሚችል በአንድ ሶኬት ስንት አምፔር እንደሚሰጥ ሳትጠይቅ ቀብድ እንዳትከፍል።

---

ሂርማታ_ሂውስተን፦

የሂርማታ ልጅ ነኝ፣ አሁን ሂውስተን ነው የምኖረው። ላይትኒንግ አለኝ። ቪዲዮው ውሸት አይደለም፣ ግን ያላሳየህ ነገር አለ።

ያ ቤት በሙሉ የበራው በመኪናው ብቻ አይደለም። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ባለ 80 አምፔር ቻርጀር አለ፣ ከሱ ጋር ኢንቨርተርና መስመሩን ራሱ የሚቆርጥ ማዞሪያ አለ፣ ያ ሁሉ ተገዝቶ በባለሙያ ተገጥሞ ነው። ሲገጠም 9.6 ኪሎዋት ለቤቱ ይሰጣል። ትልቁ ባትሪ 131 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ፎርድ በቀን 30 ለሚበላ ቤት እስከ 3 ቀን ይላል። 30 ማለት የአሜሪካ ቤት ነው እንግዲህ፣ ኤሲው፣ ማድረቂያው፣ ምኑ ቅጡ። ጅማ ላይ 30 ኪሎዋት ሰዓት በአንድ ቀን የሚጨርስ ቤት ሰርግ ያለበት ቤት ብቻ ነው።

እኔ ያንን አላስገጠምኩም፣ ውድ ነው። በፈረንጆቹ 2024 ሐምሌ ቤሪል የሚባለው አውሎ ነፋስ ሲመታን ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ መብራት ጠፍቶበት ነበር። እኔ መኪናውን በረንዳው ስር አቁሜ፣ ከጭነቱ በኩል ካሉት ሶኬቶች ገመድ በመስኮት አስገብቼ ፍሪጁን፣ አንድ ማራገቢያና ሁለት መብራት ሰካሁ። በቃ። ጎረቤቶቼ ስልካቸውን ቻርጅ ሊያደርጉ ይመጡ ነበር፣ ቡና አፈላሁላቸው፣ የጅማ ነው ብዬ።

አንተ ግን ላይትኒንግ ላምጣ እንዳትል። የአሜሪካው ሶኬት 120 ቮልት 60 ኸርዝ ነው፣ የእኛ አገር 220 በ50። ትልቁ ሶኬቱ 240 ቢሰጥም ሁለት 120ዎች ተደምረው ነው፣ ሁለቱም ሽቦ ላይ ኤሌክትሪክ አለ፣ እንደ እኛ ቤት አንዱ ፌዝ ሌላው ኒውትራል አይደለም። የፍሪጅህና የፓምፕህ ሞተር በ60 ኸርዝ እንዲሰራ አልታሰበም። ቻይና ግን 220 በ50 ነው፣ እንደ እኛው። በዚህ በኩል የቻይናው መኪና ለኢትዮጵያ ቤት ልክ ነው። እንዲህ ስል ፎርዴ እንዳይሰማኝ።

---

ሰሚራ_አጂፕ፦

ወንድሞቼ፣ ሁላችሁም ስለ ኪሎዋት አወራችሁ፣ ማንም ያልጠየቀውን እኔ ልጠይቅ። መኪናው የስራ መኪና ነው አይደል? ቡና ሊያመጣ አጋሮ ወይም ሊሙ ሄዶ እያለ መብራት ቢጠፋስ? ባለቤትህ ሊጡን ይዛ መኪናውን መንገድ ላይ ልትጠብቅ ነው? ጅማ ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ከሰዓት ደመናው ሲከብድና ነጎድጓዱ ሲጀምር ነው የሚጠፋው፣ ቅርንጫፍ ሽቦ ላይ ይወድቅና በቃ። ያን ሰዓት አንተ ሥራ ላይ ነህ። ግልገል ጊቤ አንድ እዚሁ ዞናችን ውስጥ 184 ሜጋዋት ያመነጫል፣ ከ1996 ጀምሮ፣ እኛ ግን የምንጨልመው ግድብ አጥተን ሳይሆን በሽቦና በፖል ነው፣ ይህንን ደግሞ መኪና አይፈታውም።

እኔ ወላሂ ያደረግኩት ትንሽ ኢንቨርተርና ባለ 5 ኪሎዋት ሰዓት ሊትየም ባትሪ ነው። አምፖል፣ ፍሪጅ፣ ዋይፋይ ይችላል፣ መብራት ሲመጣ ራሱ ይሞላል፣ የትም አይሄድም። ለምጣድ አይሆንም፣ አልዋሽም። ለጋገራ እኛ ግቢ አሁንም የእንጨት ምጣድ አለ፣ ምርጥ ምድጃ የሚሉት ዓይነት ጭስ የሚቀንስ። ለሽያጭ የምትጋግር ሴት ያንን መተው የለባትም፣ መኪናም ቢገዛላት።

ዝናቡን ደግሞ አትርሳ። ማከፋፈያ ያለው ገመድ ግቢ ውስጥ ዝናብ ላይ ተጋድሞ አይዋልም። መኪናው በቆርቆሮ ጥላ ስር ይቁም።

---

ቡናው_ከጅማ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ገመዱን ትቼዋለሁ፣ የነገረኝንም ልጅ እመክረዋለሁ። ሰሚራ፣ እህቴ፣ ልክ ብለሻል፣ ግን አጋሮ የምሄደው በሳምንት የተወሰነ ቀን ነው፣ ጋገራውን ከዚያ ጋር ማስማማት እንችላለን፣ ባለቤቴም ይህንኑ ነው ያለችው። የእንጨቱ ምጣድ አለ፣ ግን ጭሱ ዓይኗን ጎድቷታል፣ ወደዚያ መመለስ አትፈልግም።

ጋሼ ኤሌክትሪሻን፣ የጎረቤት ልጅ ሽቦውን እቅፍ አድርጎ የሚለካ ክላምፕ ይዞ መጥቶ ትናንት ማታ ምጣዱን ለካልኝ። 15 አምፔር አለ። ታዲያ 15 ከሆነ የቢዋይዲው 3.3 ኪሎዋት ይበቃኛል ማለት አይደል? ፒክአፑን ትቼ ቀላሉን መኪና ብገዛስ?

---

ኤሌክትሪሻን_መንደራ፦

ቮልቴጁን ለካው? ማታ ቮልቴጅ እንደሚወርድ ታውቃለህ፣ እንጀራው ማታ ማታ የሚደርቀውም ለዚህ ነው። ምጣድ ማለት መቋቋሚያ ሽቦ ነው፣ ቮልቴጅ ሲወርድ አምፔሩም አብሮ ይወርዳል። በ180 ቮልት ምጣድህ ጉልበቱ ወደ ሁለት ሦስተኛ ነው የሚቀረው።

---

ቡናው_ከጅማ፦

ልጁን ደውዬ ጠየቅኩት፣ ጽፎት ነበር። 195 ቮልት።

---

ኤሌክትሪሻን_መንደራ፦

በቃ ይኸው። 195ን ለ15 ስታካፍል 13 ኦም፣ የምጣድህ መቋቋም ማለት ነው። መኪናው የሚሰጥህ ግን የተስተካከለ 220 ነው፣ 220 ለ13 ሲካፈል 17 አምፔር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው፣ ወደ 3.7 ኪሎዋት። 3.3ቱ አንድ እንጀራ ሳትነሳ ያጠፋባታል። ባለ 6 ኪሎዋቱ ፒክአፕ ይችለዋል፣ ግን ባለ 16 አምፔር ሶኬት ላይም አይሆንም፣ ከዚያ ከፍ ያለ መውጫ እንዳለው አረጋግጥ።

ጉልበቱ አያሳስብህ። ሦስት ሰዓት ሳታቋርጥ ብትጋግር 11 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ጭነት ይዘህ አጋሮ አንድ መንገድ የምትሄድበት ያህል። ከመኪናው እስከ ምጣዱ ለብቻው መስመር ይዘርጋልህ፣ ባለ 6 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር ያለው። ከሳሎን ሶኬት ባለ 2.5 ሽቦ ቀጥለው ምጣድ የሚሰጡህ ሰዎች አሉ፣ እነሱን ግቢ አታስገባ። መኪናውን ከመግዛትህ በፊት ምጣዱን ጭነህ ሻጩ ጋ ውሰድና እዚያው ሰክተህ ሞክረው። ይስቁብህ ይሆናል፣ ይሳቁ።

---

ሰሚራ_አጂፕ፦

ሊጥም ይዘህ ሂድ። በባዶ ምጣድ አይታወቅም።