«ጨጓራ ነው» ተብሎ ሰባት ወር፤ ኢዮሲኖፊል 24% ምን ማለት ነው?

እህቱ ነኝ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ 22 ዓመቱ ነው። ምግብ በበላ ቁጥር ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያስመልሰዋል። 61 ኪሎ የነበረው ልጅ 52 ገብቷል። ኤች ፓይሎሪ ነው ተብሎ የ14 ቀኑን መድኃኒት ሁለቴ ጨርሷል። ኢንዶስኮፒም ታይቷል፤ «ትንሽ ቀላ ከማለት በቀር ምንም የለውም፣ ጭንቀት ይሆናል» ብለው ኦሜፕራዞል አስይዘው ሰደዱት። ናሙና አልወሰዱም። ትናንት የቆዩ ወረቀቶቹን ሳገላብጥ ሲቢሲው (የደም ሴል ቆጠራው) ላይ ኢዮሲኖፊል የሚባለው የነጭ የደም ሴል ዓይነት 24% ይላል፣ አጠገቡ ወደ ላይ የምታሳይ ቀስት አለች። ማንም አላነሳትም። እናቴ ጠዋት ጠዋት ቀዝቃዛ ወተት ታጠጣዋለች። ምን ትሉኛላችሁ?

አባ ተልባ፦
ተልባ ዘፍዝፎ ይጠጣ፣ በርበሬ ያቁም። እኔ በሱ ነው የተገላገልኩት።

ላብራቶሪው፦
ፐርሰንቱ ብቻውን አይበቃም። ጠቅላላ ነጭ የደም ሴሉን በ0.24 አባዢው። ጤነኛ ሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ500 በታች ነው። ከፍ ካለ እኛ አገር ቀድሞ የሚጠረጠረው ትል ነው። ሰገራ በተለያየ ቀን ሦስት ጊዜ ይስጥ፤ ስትሮንጂሎይደስ የሚባለው የአንጀት ትል በአንድ ምርመራ ሊያመልጥ ይችላል።

የናዝሬቷ፦
እህቴ፣ የኔን ታሪክ የጻፍሽው ነው የመሰለኝ። እኔም በ24 ዓመቴ «ጭንቀት ነው» ተብዬ ነበር። ሁለተኛው ሐኪም ገና ቁጭ ሳልል «አስም አለብሽ?» አለኝ። ከልጅነቴ አለብኝ፤ እስከዚያ ቀን ጠይቆኝ የሚያውቅ አልነበረም። ኢንዶስኮፒውን ደግሞ ሲያየው ጨጓራዬ ንጹሕ ነው። እሱ ግን ከጨጓራውም ከትንሹ አንጀት መጀመሪያም ከየቦታው ቆንጥሮ ወሰደ። በሽታው እዚህም እዚያም ስለሚቀመጥ፣ ከአንድ ቦታ ብቻ ከተወሰደ ሊስት ይችላል አለኝ። ፎርማሊን ውስጥ የተቀመጡትን ብልቃጦች በፌስታል ይዤ ፓቶሎጂ ያደረስኩት ራሴ ነኝ፤ ታክሲ ውስጥ እንዳይደፉብኝ እንደ እንቁላል ነው ያቀፍኳቸው! ውጤቱ በአንድ የማይክሮስኮፕ እይታ ከ60 በላይ ኢዮሲኖፊል አለ። ለጨጓራ በብዛት የሚይዙት መስፈርት 30 ነው፣ ያውም አምስት እይታ ላይ። ስሙ ኢዮሲኖፊሊክ ጋስትራይተስ ይባላል፤ እነዚህ ሴሎች ጨጓራ ውስጥ ተከማችተው ሲያስቆጡት ማለት ነው፣ አስምና አለርጂ ያለበት ሰው ላይ ይበዛል።

ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ስቴሮይድ ከመጀመሬ በፊት ለትሉ አይቨርሜክቲን አስዋጠኝ። ስትሮንጂሎይደስ ያለበት ሰው ስቴሮይድ ከወሰደ ትሉ በመላ ሰውነት ሊሰራጭና ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ከፋርማሲ በራሳችሁ እንዳትጀምሩ፣ በማርያም! በአራተኛው ቀን ሽሮ በላሁ፤ ሆዴ ውስጥ ቆየልኝ። በኋላ ምግብ እያወጣን እየመለስን ስንሞክር የኔ ጠላት ወተት ሆነ። የወንድምሽ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ዘጠኝ ኪሎ የጎደለውን ልጅ በግምት ምግብ አትከልክዪው።

እህቱ ነኝ፦
አባዛሁት፤ ነጭ ሴሉ 11,200 ነው፣ 2,688 መጣ። እሱም በልጅነቱ ቆዳው ይቆጣ ነበር፣ አሁን ነው ትዝ ያለኝ። ሐሙስ ሌላ የጨጓራና አንጀት ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ወረቀቶቹን በሙሉ ይዤ እሄዳለሁ። የወተቱን ነገር ለእናቴ ገና አልነገርኳትም።